ወራጅ እስከ ግማሹ ነው

ሰው ስለ ሠራው ቤት ሲያወራ ደስ ይለዋል። እኔ የማወራችሁ ስለ አንድ ግድግዳ ነው፣ ወሬውም ደስ አይልም። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ በዚህ ታሪክ መጨረሻ ላይ ታርቆ የተቃቀፈ ሰው የለም፣ ተምሮ የዳነም የለም። መጽናኛ ፈልጎ የመጣ አንባቢ ካለ እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም።

ጣሊያን መተማን ከያዘ ሦስተኛ ክረምቱ ነበር። ዕድሜዬ ሠላሳን ጥቂት አልፎ ነበር። የተወለድኩት ጭልጋ ሲሆን፣ በጎረምሳነቴ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወርጄ እዚያው ቀረሁ። ከድንበሩ ወንዝ ማዶ ከገላባት ሰዎች ጃሉስ የሚሉትን ግንባታ ተማርኩ። ጭቃ ከጭድ ጋር ይቦካል፣ አንድ ክንድ ከፍታ ያህል ይደረደራል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ከዚያ በላዩ ሌላ ድርድር ይወጣል። ለጥድፊያ የሚመች ሥራ አይደለም። በመተማ ገበያ ዙሪያ እኔ ያላቆምኩት ግድግዳ ጥቂት ነበር፤ ታረቀኝ የሠራው ከሆነ ክረምቱን ይችላል ይባልልኝ ነበር፣ እኔም ይህን ስሰማ ደረቴን እነፋ ነበር።

የራሴን ቤት የሠራሁት ከሐጅ ኑር ጋር ጎን ለጎን ነው። ሐጅ ኑር ጨርቅና ጨው የሚነግድ ቀልደኛ ሰው ነበር። ሚስቱ ሐዋና የኔዋ ጥሩወርቅ ደግሞ እንደ እኅትማማች ነበሩ። ሁለቱም ልጅ አልወጣላቸውም፤ ሰው ሲያማቸው አንዷ ለሌላዋ ትመልስላት ነበር። ቦታው ጠባብ ስለነበር በሁለቱ ቤቶች መካከል አንድ የጋራ ግድግዳ ለማቆም ተስማማን።

የጋራ ግድግዳ በእኛ ሰፈር ሕግ አለው። በወረቀት የሰፈረ አይደለም፤ አያ ዘለቀ የሚባሉ ሽማግሌ በቃላቸው ይዘውታል። መሠረቱ በተጣለ ቀን እኔንና ሐጅ ኑርን ፊት ለፊት አቁመው ነገሩን።

«ስሙ! ውፍረቱ ሦስት ስንዝር ነው። ስንዝር ተኩሉ የታረቀኝ፣ ስንዝር ተኩሉ የሐጂ። የጣራውን ተሸካሚ እንጨት፣ ወራጁን፣ ግድግዳው ውስጥ ስታገቡ እስከ ግማሹ ብቻ ነው። ከግማሹ ያለፈ፣ የጎረቤቱን ገላ የወጋ ነው። አንዱ ሳያውቅ ሌላው አይበሳም፣ አይቆፍርም፣ ሽቅብ አይጨምርም። የሚያሰጋ እንደሆነ ቀድሞ ያየው ይናገር፤ በሽማግሌ ፊት ሁለታችሁ ታፈርሳላችሁ፣ ሁለታችሁ ትሠራላችሁ።»

ሐጅ ኑር ሳቀና «አያ ዘለቀ፣ ከሐዋ ጋር ካሰርኩት ኒካህ ይሄኛው ይጠብቃል» አለ።

«ከሚስት ትፋታለህ፤ ከግድግዳ ወዴት ትሄዳለህ?» አሉት።

ከዚያ እንደ ልማዱ ሁለታችንም አንድ አንድ እፍኝ ጭቃ አንስተን መሠረቱ ላይ አኖርን። ግድግዳው በተነካ ቁጥር ይኸው ይደገማል። የሁለቱም ወገን እፍኝ ካላረፈበት ማንም ሠራተኛ እጁን አያገባም። ግድግዳው መሀል ላይ በስምምነት አንዲት ቀዳዳ ተውን፤ ሴቶቹ ፍም የሚቀባበሉባትና ወሬ የሚያወሩባት ነበረች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በነበረው በጋ ጣራዬን ከሣር ወደ አፈር ለወጥኩት። የአፈር ጣራ ከባድ ስለሆነ ስምንት ጠንካራ ወራጆች አመጣሁ። ሐጅ ኑርና ሐዋ ለንግድ ገዳሪፍ ወርደው፣ የቤታቸውን ቁልፍ ለጥሩወርቅ ትተውላት ነበር። በዚያው ሰሞን አብሮኝ የሚሠራ አንድ የገላባት ግንበኛ፣ በነሱ አገር ዳኛ ፊት ወራጁ ግድግዳውን አልፎ ከተገኘ ግድግዳው የባለ ወራጁ ብቻ ይሆናል ብሎ አጫወተኝ። እንደ ቀልድ የተነገረኝ ነገር ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ነገ ሐጅ ኑር ቢሞት፣ ወንድሞቹ ከገዳሪፍ መጥተው ቢከራከሩኝስ? ማንም አልተከራከረኝም። ክርክሩን በራሴ ጭንቅላት ፈጥሬ በራሴ ጭንቅላት ረታሁ። ስምንቱንም ወራጆች እስከ ማዶ አሳለፍኳቸው፤ በቁልፉ ገብቼ በሐጅ ኑር ቤት በኩል ጫፋቸውን ከግድግዳው እኩል ቆርጬ ስስ ምርጊት መረግሁባቸው። ልዩነቱ እንዳይታይ ደግሞ የቤታቸውን ግድግዳ በሙሉ አዲስ መረግሁላቸው።

ሐጅ ኑር ሲመለስ ቤቱን አይቶ ተደነቀ። ትከሻዬን ይዞ «ታረቀኝ፣ ሳልጠይቅህ! አላህ ቤትህን ያቁምልህ» አለኝ። እኔም አሜን አልኩ። ከምርጊቱ ሥር ያለውን ጥሩወርቅ እንኳ አላወቀችም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገሮች ተከታተሉ። መጀመሪያ ጣሊያን ገባ። ቀጥሎ በገበያ ቀን ወልዱ የተባለው አስተርጓሚያቸው ጠረጴዛ ላይ ቆሞ አዲስ ደንብ አነበበ፦ በሁለት ቤት መካከል ያለ ግድግዳ ያለ ፈቃድ አይፈርስም፣ አይታደስም፤ ፈቃድ የፈለገ ያመለክታል፣ ባለ ሜትሩ የሚባለው ለኪ ፈረንጃቸው መጥቶ ምርጊቱን ፍቆ ወራጁን ይለካል፣ የለካውንም በመዝገብ ያሰፍራል። ከሰዉ መሀል አንዱ «አገሩን ወስዶ ሲያበቃ ግድግዳ ሊያካፍለን መጣ» ብሎ ጥቂት ሰው አሳቀ። ሦስተኛው፣ ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ክረምት፣ ሰኔ ላይ ሐጅ ኑር በንዳድ ታሞ በአምስት ቀኑ አረፈ። ሐዋ ዒዳ ገባች። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ ሳትወጣ፣ ከባዕድ ወንድ ፊት ሳትቀርብ የምትቆይበት ሐዘን ነው። አንዲት አሮጊት ዘመዷ ጧት ጧት ውሃ ቀድታላት ትሄዳለች፤ ቀሪውን ጥሩወርቅ ታደርግላት ነበር።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ወረደ። የቆላውን ዋልካ አፈር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በላዩ ያለውን ሁሉ ያንገላታል። ረቡዕ ጧት ጥሩወርቅ ገበያ ሄዳ እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳለ በቀዳዳዋ የሐዋ ድምፅ መጣ።

«ታረቀኝ፣ አለህ?»

«አለሁ፣ እቴ ሐዋ። እንዴት አደርሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። ይሄ ግድግዳ ከትናንት ጀምሮ ይናገራል።»

«ምን ይላል?» አልኳት፣ ላጫውታት ብዬ።

«ቅጭ ቅጭ ይላል። ከላይ፣ ከጣራው ሥር። አፈሩም ይረግፋል። ምስጥ መንገድ ሠርቶበታል፤ ዛሬ ደግሞ ምርጊቱ ተላቆ እንጨት የመሰለ ነገር ብቅ ብሏል።»

መሰላል አቁሜ ወጣሁ። ከወራጆቹ ሥር ከዳር እስከ ዳር የሄደ ስንጥቅ አየሁ፤ ጣቴ ገባበት። ቱንቢዬን ጣልኩ። ግድግዳው ወደ ሐዋ በኩል አራት ጣት ዘሟል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ከኔ በኩል ስምንት ወራጅ ሙሉ በሙሉ አልፏል፣ ከሐዋ በኩል የነሱ ወራጆች ግማሹን ይዘዋል፤ በዚያ ከፍታ ላይ ጭቃ አልቀረም ማለት ነው። ምስጡም የኔን ወራጅ ጫፍ በሷ በኩል አግኝቶ ወደ ውስጥ እየበላ መጥቷል። ይህን በሌላ ሰው ቤት ባየው ኖሮ ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ «ውጡ!» እል ነበር።

«ምን አየህ?» አለች ሐዋ።

«ትንሽ ስንጥቅ ናት። አፈሩ ስላበጠ ነው።»

«አፍርሰን እንሥራው?»

«ዒዳሽ ሳይወጣ? ወንድ እቤትሽ ገብቶ ሲተራመስ? ሐጂ ቢሰማ ምን ይለኛል?»

ጭቃ ስታሻሽ ሰማኋት። ከዚያ እጇ በቀዳዳዋ እስከ ክንዷ ድረስ ገባች። እፍኟ ውስጥ ጭቃ ነበር።

«ዒዳውን ለኔ ተወው። ሼሁን አስጠይቄያለሁ፤ የሚያሰጋ ቤት ከሆነ መውጣት ይቻላል ብለውኛል። መጋረጃ ይጋረድልኛል፣ ሠራተኛ በጓሮ ይገባል። ያውልህ፣ የኔና የሐጂ እፍኝ ነው። ያንተን ጨምርና አያ ዘለቀን ጥራልኝ።»

ያቺን እጅ እያየሁ ቆምኩ። ግድግዳው በሽማግሌ ፊት ከፈረሰ ስምንቱ ወራጆች እንደተጋደሙ ይታያሉ። የመተማ ሰው ሁሉ የሚያምነው ግንበኛ የሟች ጓደኛውን ግድግዳ በጓደኛው ቁልፍ ገብቶ እንደሰረቀ ይታወቃል። የታየኝ ይኼ ብቻ ነው፤ ሰው ይሞታል ብዬ አላሰብኩም። ክረምቱ እስኪወጣ ይቆማል፣ ከዚያ በዘዴ አስተካክለዋለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩት።

«መልሺው፣ እቴ» አልኳት። «ጊዜው ሲደርስ እኔው እጠይቅሻለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ግንበኛው እኔ ነኝ እኮ።»

እጇ ትንሽ ቆይታ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ አያ ዘለቀ መጡ። ያቺ ውሃ የምትቀዳው አሮጊት ነግራቸው ኖሮ በጭቃው ውስጥ በምርኩዝ እየተደገፉ ነው የደረሱት።

«ግድግዳችሁ ዘመመ ይሉኛል።»

«ትንሽ ናት፣ አያ። ያን ያህል አይደለችም።»

«እስቲ ልየው።»

በሩ ላይ ቆምኩባቸው። እንዲህ ያለ ብልግና ሠርቼ አላውቅም ነበር። «አያ፣ ደንቡን ሰምተው የለ? ሳይፈቀድ ምርጊቱን ብንነካ እርስዎንም እኔንም ይዘው ያስሩናል።»

«ግድግዳችንን ለማየት ጣሊያን ማስፈቀድ የጀመርን ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ያሰሩት ሰው አለ ይባላል።»

አያ ዘለቀ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ጣሊያንን ፈርቼ መሰላቸው፤ አዘኑልኝ። ከጥርጣሬያቸው ይልቅ ሐዘኔታቸው ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። «እንግዲያው ነገ በማለዳ ሂድና አስፈቅድ» አሉኝ። «ግድግዳ የሰው ሐዘንም የመንግሥት ደንብም አይጠብቅም። እስከዚያው ሴትዮዋ ከዚያ ክፍል ትውጣ፤ ንገራት።»

አልነገርኳትም። ብነግራት ለምን ስትል ትጠይቀኛለች።

ሐሙስ ወደ ጣሊያኖቹ ቢሮ ሄድኩ። ወልዱ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁለቱም ወገን የሚጠረጥረው የደከመው ሰው ነበር።

«የጋራ ግድግዳ ላስፈቅድ ነው» አልኩት።

«ቀላል ነው። ነገ ባለ ሜትሩን ይዤልህ እመጣለሁ። ሽማግሌዎቻችሁም ይቁሙ፣ ጎረቤትህም ቃሏን ትስጥ። ምርጊቱ ይፋቃል፣ ወራጁ ይለካል፣ ማፍረስ ትጀምራላችሁ።»

«ወራጁ አልፎ ቢገኝስ?»

ቀና ብሎ አየኝ። «የማን ወራጅ?»

«እንዲያው፣ የሰው።»

«በነሱ የሕግ መጽሐፍ ወራጁ እስከ ማዶ ያለፈ ሰው ግድግዳው የሱ ብቻ ነው ይላል። ጥሩ አርገህ ሠርተህ ከሆነ ትጠቀማለህ» ብሎ ፈገግ አለ። «ነገ እንምጣ?»

የተመኘሁት ይኸው ነበር። የገላባቱ ግንበኛ አልዋሸኝም። በጣሊያን መጽሐፍ አሸናፊ ነበርኩ፤ ግን ባለ ሜትሩ ምርጊቱን ሲፍቅ አያ ዘለቀ ምርኩዛቸውን ተደግፈው አጠገቡ ቆመው ያያሉ። አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል የሚባለው ለኔ ነው።

«ቆይ፣ ከጎረቤቴ ጋር ልምከርና እመለሳለሁ» አልኩትና ወጣሁ። እቤት ስደርስ ለጥሩወርቅ «አመልክቻለሁ፣ ሰኞ ይመጣሉ» አልኳት። በቀዳዳዋም ለሐዋ ይህንኑ ደገምኩላት። ሐዋ አመሰገነችኝ። ያን ዕለት ከሰዓት ሁለት ባላ ቆርጬ ከወራጆቼ ሥር አቆምኩ። ግንበኛ ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ባላዎቹ የኔን ጣራ ይደግፋሉ እንጂ ግድግዳውን አይዙም። ግድግዳው ቢወድቅ በኔ በኩል ማንም አይጎዳም ማለት ነው።

ዓርብ ጧት ዝናቡ አባራ፣ ፀሐይ ወጣች። ሰው ሁሉ ተደሰተ። እኔ ግን የጃሉስ ግድግዳ በዝናብ ጊዜ እንደማይወድቅ አውቃለሁ። የሚወድቀው ሲያባራና ፀሐይ ሲመታው ነው፤ ደጁ ይደርቃል፣ ሆዱ እንደራሰ ይቀራል። ተጣድፌ ጭቃ አቦካሁና ስንጥቁን መምረግ ጀመርኩ። ጥሩወርቅ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ስንጥቁን እየደፈንሁ።»

«አንተ አይደለህ እንዴ እርጥብ በእርጥብ አይመረግም፣ ክብደት ነው እያልህ ሠራተኛ የምትቆጣ?»

መሰላሉን ይዛ ነቀነቀችው።

«ታረቀኝ! ውረድ። ባላውን ለእኛ ብቻ አቆምህ። አያ ዘለቀን ከደጅ መለስህ። ምንድን ነው የምትደብቀው?»

ወረድኩ። መዋሸት ሰልችቶኝ ይሁን፣ ፊቷን ማየት አቅቶኝ ይሁን አላውቅም፤ ሁሉንም ነገርኳት። ቁልፉን፣ ወራጆቹን፣ ምርጊቱን፣ ቢሮ ሄጄ ሳላመለክት መመለሴን። ጥሩወርቅ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ነጠላዋን አጣፋች።

«አሁን ሂድና አያ ዘለቀን ጥራ።»

«ዝም በይ፣ እስከ ሰኞ ይቆማል።»

«ይቆማል?»

«ይቆማል መሰለኝ።»

«እንግዲያው እኔ እዚያ እሆናለሁ» ብላ ወጣች። ወዴት እንደሄደች የገባኝ በቀዳዳዋ ድምፅዋን ስሰማ ነው። ሐዋን እንድትወጣ ስትለምናት ይሰማኛል። ሐዋ ደግሞ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

«አንቺ ምን ሆነሻል? ታረቀኝ እኮ አይቶታል። ግንበኛ ነው፤ የሚያሰጋ ቢሆን ይነግረኝ አልነበር? ሐጂ ከሞተ ወዲህ ከሱ ሌላ ማንን አምናለሁ?»

ጥሩወርቅ ምክንያቱን አልነገረቻትም። ያንን ለኔ ነው የተወችው። አፏን ወደ ቀዳዳዋ አስጠግታ «ሰማህ?» አለችኝ። «እሷም አትወጣም፣ እኔም አልወጣም። አያ ዘለቀን ይዘህ እስክትመጣ ከዚችው አልነቃነቅም።»

«ጥሩዬ፣ ውጪ። ከግድግዳው ራቂ።»

«ይቆማል አላልህም?»

«ውጪ ብዬሻለሁ!»

«ሂዳ!»

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ወዲያው አልሄድኩም። ትሰለችና ትመለሳለች ብዬ ጠበቅኩ። በሩ ላይ ቆሜ ለአያ ዘለቀ የምናገረውን ቃል እየመረጥኩ፣ እንዴት ባወራው ጥፋቴ እንደሚያንስ እያሰላሰልኩ ቆየሁ። ምን ያህል ቆየሁ? ሰው ወደ ገበያው ሄዶ ጨው ገዝቶ እስኪመለስ ያህል ይሆናል። የአያ ዘለቀ ቤት ከዚያ ቅርብ ነበር። ከዚያ ሄድኩ። ሽማግሌው ሁለት ጎረምሶች አስከትለው፣ ምንም ሳይጠይቁኝ ተነሡ። ግማሽ መንገድ ላይ ደርሰን ነው የሰማነው። ትልቅ ድምፅ አልነበረም፤ እህል የሞላ ጆንያ ከአህያ ጀርባ ሲወድቅ ያህል ነው። ወዲያው አቧራ ሳይሆን የእርጥብ አፈር ሽታ መጣ።

ሐዋ ለዓርብ ስግደት ውዱእ ልታደርግ፣ እጅ እግሯን ልትታጠብ፣ ወደ ጓሮ ወጥታ ነበርና ተረፈች። ጥሩወርቅ ግን ቀዳዳዋ አጠገብ ነበረች፤ መመለሴን እያዳመጠች። ስንደርስ ሐዋ ሻሿ ወልቆ፣ በባዕድ ወንዶች ፊት በሁለት እጇ ጭቃውን እየዛቀች «ጥሩ! ጥሩ! አለሁ በዪ» ትላለች። አብረናት ዛቅን። እርጥብ ጭቃ ክብደቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስናወጣት ሞታ ነበር። ባላ ያቆምኩበት የኔ ጣራ ግን አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ቆሟል።

ስምንቱ ወራጆች በሐዋ ክፍል በኩል ወጥተው ይታያሉ። የአንዳንዶቹ ጫፍ ላይ እኔ የመረግሁት ምርጊት እንደተለጠፈ ነው። አያ ዘለቀ ጎንበስ ብለው አንዱን በስንዝራቸው ለኩት። ስንዝር ተኩል ለክተው አላቆሙም፤ እስከ ጫፉ ሄዱ። ከዚያ ምርጊቱን በጥፍራቸው ነካ አደረጉ።

«ይህን ማን ሠራ?»

«እኔ።»

«ሐጂ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም ነበር።»

ሐዋ የጥሩወርቅን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ሰማችን። ወደኔ አልዞረችም። አያ ዘለቀ ጋቢያቸውን አውልቀው ለሐዋ ራስ መሸፈኛ ሰጧትና «መጀመሪያ ትቀበር» አሉ።

ሠልስቱ አልፎ በማግስቱ ወልዱ ባለ ሜትሩን ይዞ መጣ። ሰው የሞተበት ግድግዳ ስለሆነ መዝገብ ውስጥ መግባት ነበረበት። ፈረንጁ ወጣት ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ ለለቅሶው ራሱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ወራጆቹን አንድ በአንድ ለካ፣ ጻፈ፣ ተናገረ። ወልዱ እያፈረ ተረጎመው።

«ወራጁ ሙሉ በሙሉ ስላለፈ ግድግዳውና የቆመበት መሬት የታረቀኝ ብቻ ነው ይላል። ተቃዋሚ ካለ ይናገር ይላል።»

ሐዋ ዒዳዋን ቀጥላ ስለነበር ከበሩ ኋላ ሆና ነው የመለሰችው።

«ተቃዋሚ የለም በልልኝ። ይውሰደው። ከዚህ ሰው ጋር የጋራ የምለው ነገር እንዲኖረኝ አልፈልግም።»

ወልዱ ይህን ለፈረንጁ እንዴት እንደተረጎመው አላውቅም። ፈረንጁ ራሱን ነቅንቆ ማኅተም መታበትና ወረቀቱን ሰጠኝ።

ወደ አያ ዘለቀ ሄጄ ፍረዱብኝ አልኳቸው። በደጃቸው ሰው ሰብስበው ተቀመጡ። «ከሳሽ?» ብለው ጠየቁ። የጥሩወርቅ ዘመዶች ጭልጋ ናቸው፤ ግድግዳ ወደቀባት ተብሎ ተልኮላቸዋል፣ ሌላ አያውቁም። ሐዋ አልከስም ብላ ልካለች። ማንም አልተነሣም።

«እኔው ራሴን እከሳለሁ፣ አያ» አልኩ።

«ሰው ራሱን ከሶ ራሱን አይረታም። የሚካስ ሰው ሳይኖር ካሣ አይቆረጥም። ከሳሽ የሌለውን ሰው ምን አድርጌ ልፍረድበት? ሂድ ቤትህ» አሉኝ። በቁጣ አይደለም የተናገሩት። ያዘኑልኝ ዕለት እንዳዩኝ እንኳ አላዩኝም፤ ምርኩዛቸውን እያዩ ነበር።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከዚህ ላይ ምክር የምትጠብቁ ከሆነ የለኝም። ወራጅ እስከ ግማሹ ነው የሚለውን ከኔ በፊት ታውቁታላችሁ፤ እኔም አውቀው ነበር። ሕግ ባለማወቅ የጠፋ ነገር የለም። ሦስት ሕግ ነበረኝ፦ የአያ ዘለቀ፣ የጣሊያን፣ የዒዳው። አንዱን በሌላው እየከለልኩ ሦስቱንም መደበቂያ አደረግኳቸው። አንዳቸውንም በቅን ብከተል ሚስቴ አትሞትም ነበር። በኋላ ሰዎች ንስሐ ግባ አሉኝ፣ ገባሁ፤ ጾም ታዘዝኩ፣ ጾምኩ። ቀለል አለህ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። አልቀለለኝም። እንዲያውም ሰው ሥራ እንኳ አልነፈገኝም፤ ታሪኩን እያወቁ ግድግዳ አሠሩኝ፣ እኔም ሠራሁ። ተረግሜ ብባረር ይሻለኝ ነበር ብዬ የማስብባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

ሐዋ ዒዳዋን ስትጨርስ የባሏ ወንድም ከገዳሪፍ መጥቶ ወሰዳት። ዕቃዋ ሲጫን ደጄ ላይ ቆሜ ነበር። ሰላም አለችኝ፤ ለመንገደኛ እንደሚባለው ዓይነት ሰላም ነው፣ ክፋት የለበትም። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም፣ በሕይወት ትኑር አትኑርም አላውቅም። እኔ ከዚያው ቤት አልወጣሁም። ቀሪውን ጣራ በሣር አለበስኩና በአንዱ ጥግ እኖራለሁ። ጭቃውን አላነሳሁትም፣ ግድግዳም መልሼ አላቆምኩበትም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር እየታጠበ ከመሬት ጋር እኩል ሆኗል። በወረቀቱ መሠረት ግን ሦስቱም ስንዝር የኔ ነው።